ማታ ሳይበሉ ጠዋት ስኳር ለምን ይጨምራል? ስለ ጉበትና ግሉካጎን የተሳሳቱ አመለካከቶች

የስኳር ሕመም ያለባት እናት በጠዋት ጣቷን ወግታ ትለካለች። ማሽኑ 180 ይላል። ልጆቿ ወዲያው «ማታ ተደብቀሽ ምን በላሽ?» ይሏታል። እሷ ግን እውነትም ምንም አልቀመሰችም። ይህ ክስ በብዙ ቤት አለ፤ ያለጥፋቱ የሚወቀሰው ሰውም ብዙ ነው።

«ደም ውስጥ ያለው ስኳር የሚመጣው ከምንበላው ብቻ ነው»

አይደለም። ጉበታችን ራሱ ስኳር ይሠራል። አንጎላችን በቀን 120 ግራም ገደማ ግሉኮስ ይፈጃል፤ ስንተኛም ሥራ አያቆምም። ሌሊቱን ሙሉ የሚቀልበው ጉበት ነው።

ለጉበት ትእዛዝ ከሚሰጡት ዋነኛው ግሉካጎን የተባለው ሆርሞን ነው። የሚመነጨው ከቆሽት ነው፤ ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን ከሚሠሩት ሴሎች አጠገብ ካሉት አልፋ ሴሎች። ከቆሽት የሚወጣው ደም በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚሄድ ትእዛዙ ቶሎ ይደርሳል።

ግሉካጎን ጉበት ሴል ውስጥ አይገባም። ላዩ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ይጣበቃል። ያኔ በሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል መልእክተኛ ይበዛል። እሱም ኢንዛይሞችን ተራ በተራ ይቀሰቅሳል። በመጨረሻም ግላይኮጅን የሚባለው የተከማቸ ስኳር እየተቆረሰ፣ ግሉኮስ ሆኖ ወደ ደም ይወጣል። አዲስ ግላይኮጅን መሥራቱም በዚያው ይገታል። ይህን መልእክተኛ ያገኘው አሜሪካዊው ኧርል ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1971 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ያገኘውም ግሉካጎንና አድሬናሊን ጉበት ላይ የሚሠሩትን ሲመረምር ነው።

«የተከማቸው ካለቀ ስኳር ይጠፋል»

ጉበት የሚይዘው 100 ግራም አካባቢ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ካልተበላ አብዛኛው ያልቃል። ግን ጉበት ሌላ መንገድ አለው፤ ጡንቻ ሲሠራ ከሚወጣው ላክቴት፣ ስብ ሲሟሟ ከሚወጣው ግሊሰሮልና ከአሚኖ አሲድ አዲስ ግሉኮስ ይሠራል። ግሉካጎን ይህንንም ያበረታታል። ጤነኛ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ስኳሩ የማይወርድበት ለዚህ ነው። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ፣ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያወጣ የሚገፋ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሌላ ነው፤ ሐኪሙን ሳያማክር አይጹም።

«ጡንቻም ስኳሩን ለደም ያካፍላል»

አያካፍልም። ጡንቻ ከጉበት የበለጠ ግላይኮጅን አለው፤ ነገር ግን ግሉኮስ አድርጎ የሚያስወጣው ኢንዛይም የለውም። ለራሱ ይጠቀምበታል።

«ስኳር በሽታ የኢንሱሊን ጉዳይ ብቻ ነው»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው፤ እናቶችን የሚያስወቅሳቸው እሱ ነውና። ጤነኛ ሰው እንጀራውን ሲበላ ኢንሱሊኑ ይጨምራል፣ ግሉካጎኑ ይቀንሳል፣ ጉበትም ስኳር ማውጣቱን ይቀንሳል። ዓይነት 2 ስኳር ባለበት ሰው ግን ግሉካጎን እንደሚገባው አይቀንስም። ጉበቱም ኢንሱሊንን በደንብ አይሰማም። ስለዚህ ከምግቡ በሚመጣው ላይ ጉበት የራሱን ይጨምራል፤ ሌሊትም ከሚያስፈልገው በላይ ያወጣል። ንጋት ላይ ኮርቲሶልን የመሳሰሉ ሆርሞኖች ያግዙታል። የጠዋቱ 180 ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ክኒን የሚታዘዘውም በዋናነት ጉበት የሚያወጣውን ስኳር ስለሚቀንስ ነው። «ጣፋጭ ትቻለሁ፣ ክኒኑ ምን ያደርግልኛል?» ብለው የሚያቋርጡ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

«የግሉካጎን መርፌ ሁልጊዜ ያነቃል»

ስኳሩ ወርዶ ራሱን ለሳተ ሰው 1 ሚሊግራም ግሉካጎን ይወጋል፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። የሚሠራው ግን ጉበት ውስጥ የሚለቀቅ ስኳር ካለ ነው። ለረጅም ጊዜ ያልበላ ወይም ብዙ አልኮል የጠጣ ሰው ጉበቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። አልኮል ደግሞ አዲስ ግሉኮስ መሥራቱን ያግዳል። እንዲህ ያለ ሰው በደም ሥር ግሉኮስ ያስፈልገዋል፤ ቶሎ ሐኪም ቤት አድርሱት። ራሱን እንደሳተ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አፉ ውስጥ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።