ውኃው የእኛ ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ደሴ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሰው የቧንቧን ድምፅ በእንቅልፉም ይለየዋል። መጀመሪያ አየር ይመጣል፤ ያፏጫል፣ ያስላል፣ ትንሽ ዝገት ይተፋል፣ ከዚያ ውኃው ይወርዳል። በእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው፤ ተራችን የሚደርሰውም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ በመስኮት እየገባ፣ ጋቢዬን ደርቤ ጎማ ከቧንቧ ወደ በርሜል የምዘረጋ ሰው ነኝ። ቤቴ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

ስለ ጎረቤት ስንማር ብዙ ጊዜ የሚነሣልን ደጉ ሳምራዊ ነው። መልካም ነው። ነገር ግን ሳምራዊው የቆሰለውን ሰው መንገድ ላይ ነው ያገኘው፤ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረለት፣ ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠለት፣ በማግስቱ መንገዱን ቀጠለ። የቆሰለው ሰው ከራሱ በላይ ቤት ተከራይቶ በየማለዳው ሙቀጫ አልወቀጠበትም። እኛን ፎቅ ለፎቅ ተደራርበን ለምንኖረው ይበልጥ የሚቀርበን ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 ይመስለኛል። የውኃ ጠብ ነዋ!

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ይስሐቅ በጌራራ ምድር ሳለ ዘራ፣ መቶ እጥፍም አገኘ። ፍልስጥኤማውያን ቀኑበት፤ አባቱ አብርሃም ያስቆፈራቸውን ጉድጓዶች አፈር ሞልተው ደፈኗቸው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። እነርሱም ከብት የሚያረቡ ሰዎች ነበሩ፤ አፈር የሞላው ጉድጓድ ለእነርሱም አይጠቅምም። ቅናት ግን እንዲህ ነው፤ እኔ ባልጠጣም እርሱ እንዳይጠጣ ይላል። ይስሐቅ ከዚያ ርቆ ሰፈረ፣ ሎሌዎቹም ቆፍረው ውኃ አገኙ። የጌራራ እረኞች መጡና «ውኃው የእኛ ነው» አሉ። ጉድጓዱን «ኤሴቅ» ብሎ ትቶላቸው ሄደ፤ ተጣልተውበታልና። ሌላ አስቆፈረ፤ ደግመው ተጣሉት፣ እርሱንም «ስጥና» አለው። ሦስተኛውን አስቆፈረ፣ በዚህ አልተጣሉትም፤ «አሁን እግዚአብሔር አሰፋልን» ብሎ «ርኆቦት» አለው።

እኔ ይህን ምዕራፍ ለስንት ዓመት ሳነብ ራሴን ይስሐቅ አድርጌ ነው። ተበዳዩ እኔ፣ ታጋሹ እኔ፤ እረኞቹ ደግሞ ደረጃው ላይ ጫማ የሚደረድሩት፣ ከበረንዳ ውኃ የሚደፉት፣ የጥበቃ መዋጮ ሲጠየቁ «የሉም» የሚያሰኙት። ይህ አነባበብ ምቹ ነው፤ ምቹ በመሆኑም መጠርጠር ነበረብኝ።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ሰሞን ገቡ። የእኛ የካቲት 17 ተጀመረ፣ የእነርሱ ከአምስት ቀን በኋላ። ብሎካችን ውስጥ በየፎቁ ክርስቲያንም እስላምም አለ፤ ወሎ ነውና ይህ ወሬ አይሆንም። በዚያ ሰሞን አንድ ሌሊት ውኃ መጣ። ሁለቱን በርሜል ሞላሁ። ከዚያ ባልዲዎቹን። ከዚያ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ። ከዚያ፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ ድስት ማውረድ ጀመርሁ። በሩ ተንኳኳ። አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ወንድማችን ነው፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ። ባዶ ጀሪካን ይዟል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ በሌሊት። ወደ ላይ አልወጣም እኮ፤ ትንሽ ብትዘጉልን?»

ነገሩ ቀላል ነው። ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ታች ያለው ቧንቧ ተከፍቶ ከቆየ ላይ ያለው ቤት ፉጨት ብቻ ይሰማል። እኔም አውቃለሁ። ያልሁት ግን፦ «የእኔን ቧንቧ ነው የከፈትሁት፣ የማንንም አልነካሁም።» በሩንም ዘጋሁ። በቁጣ አልነበረም፤ እርግጠኛ ሆኜ ነው፣ እርሱ ይብሳል።

በዚያው ሳምንት ለማኅበራችን ጉባኤ ትምህርት እንዳዘጋጅ ታዝዤ ነበርና የመረጥሁት ይህንኑ ምዕራፍ ነበር። ማታ ቁጭ ብዬ «ውኃው የእኛ ነው» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ይህን ቃል ያለው ማን ነው? ይስሐቅ አይደለም። ከኋላዬ የሞሉት በርሜሎች ቆመዋል፣ ድስቶቹ ወለል ላይ ተደርድረዋል፤ እኔ ለካ የጌራራ እረኛ ነኝ።

ወገኖቼ፣ ጠባችን ውስጥ «ማን ትክክል ነው?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «እኔ የትኛው ፎቅ ላይ ነኝ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንደኛ ፎቅ ያለ ሰው ስለ ውኃ ሁልጊዜ ትክክል ነው። አራተኛ ፎቅ ያለ ሰው ስለ ሙቀጫ ሁልጊዜ ትክክል ነው። የጋራ ሕንፃ አዋጁ፣ 370/1995 ማለቴ ነው፣ ደረጃውንና ጣሪያውን የጋራ ይላቸዋል፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ማን ቧንቧውን ይዝጋ የሚለውን ግን ሕግ አይዘልቀውም። እዚያ የሚደርሰው «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው ነው። ጌታችንም መባህን በመሠዊያው ፊት ስታቀርብ ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ መባህን ትተህ አስቀድመህ ሂድና ታረቅ ነው ያለው። ቃሉን አስተውሉ፤ «አንተ በእርሱ ላይ ካለህ» አላለም፣ «እርሱ በአንተ ላይ ካለው» ነው ያለው። የእኔ ጎረቤት በእኔ ላይ ነገር ነበረው። እኔ ግን ጉባኤ ላስተምር ነበር።

በማግስቱ ማታ ሁለት ጀሪካን ሞልቼ ወጣሁ። እዚህ ሕንፃ ስንት ዓመት ስኖር ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር፤ ሠርግም ልቅሶም ታች ድንኳን ውስጥ ነው የምንገናኘው። ሃያ ሊትር ውኃ በእጅ ይዞ ሦስት ፎቅ መውጣት ምን እንደሆነ የጀሪካኑ ጆሮ መዳፌ ላይ ጻፈልኝ። ሦስተኛው ላይ አስቀምጬ ስተነፍስ ከየበሩ የሾርባና የበርበሬ ሽታ ይመጣል፤ አዛን ሊል ደቂቃዎች ቀርተውታል። የይቅርታ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። በሩ ሲከፈት ጠፋብኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» ብቻ አልሁ።

«አብሽር ጋሼ፣ ግቡ፣ ግቡ» አለኝ፤ ጀሪካኑን ከእጄ ነጥቆ።

ተምር አቀረቡ። ባለቤቱ ሳምቡሳ በሰሐን አምጥታ ፊቴ አኖረችና፣ እጄን ስሰበስብ ብታይ ጊዜ፣ «ምስር ነው ጋሼ፣ የጾም ነው። ድስቱንም ለይቼዋለሁ» አለች። የእኔን ጾም ቆጥራልኛለች። ሥጋው የየራሱ ነው፤ ይህን ወሎ ውስጥ ለሕፃን እንኳ አናስረዳም፣ እርሱ ለእኛ ጠብ ሆኖብን አያውቅም። እኔን ያሸነፈኝ ሌላ ነው። ወደ ምዕራፉ ስመለስ፣ ከጌራራ ያስወጣው ንጉሥ አቢሜሌክ ከሠራዊቱ አለቃ ጋር ወደ ይስሐቅ ሲመጣ ይስሐቅ «ለምን መጣችሁብኝ? ጠልታችሁ አሳድዳችሁኝ የለምን?» ይላል፤ ቀጥሎ ግን ግብዣ አደረገላቸው፣ በሉም፣ ጠጡም። ማዕድ ያቀረበው የተበደለው ነው። ታዲያ በእኛ ደረጃ ላይ ይስሐቅ ማን ነበር? ጉባኤ ላይ ያንን ተናግሬዋለሁ። አንድ ወንድም ከኋላ ሳቅ አለ፤ እርሱም አንደኛ ፎቅ ነው የሚኖረው።

ስለ ድምፅም ልበል፤ በዚህ ደግሞ የምንጠየቀው እኛው መንፈሳውያኑ ነን። እሑድ ማለዳ የመዝሙር ድምፅ ማጉያ በረንዳ ላይ አውጥቼ እስከ ጥግ እከፍት ነበር፤ ሰፈሩ ይባረክ ብዬ። ያ ወንድማችን የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ በዚያው ሰዓት ነው ለካ የሚተኛው። ምሳሌ 27፥14ን ያን ጊዜ አላየሁትም፤ ማለዳ ተነሥቶ ባልንጀራውን በታላቅ ድምፅ የሚባርክ እንደሚራገም ይቆጠርበታል ይላል። ሰሎሞን በረንዳችንን ያየ ነው የሚመስለው! አሁን ድምፁን ቀነስሁ፤ መዝሙሩም እንደ ድሮው ነው፣ እግዚአብሔርም ለመስማት ማጉያ አላስፈለገውም።

እርግጥ ነው፣ ሁሉን ዝም ብሎ መቻልም አይደለም። ሙቀጫው እንደረበሸህ ሄደህ በትሕትና ብትናገር፣ ከሥሩ የታጠፈ ጨርቅ ያደርጉበታል፤ ሳትናገር ለኮሚቴው ብታመለክት ግን ዓመት የሚከርም ቂም ነው። ቡና ላይ ሰውን ማማትም እንዲሁ። የወሎ ቡና ዱዓም ምርቃትም ያለበት ነው፤ ጀበናው ሦስቴ እስኪወርድ ስለ ሦስተኛ ፎቅ ሴትዮ ካወራን ግን ምርቃቱ ወዴት ይገባል? ደግሞም እግር ማብዛት አለ፤ ከባልንጀራህ ቤት እንዳይሰለችህ እግርህን አታዘውትር የሚለው ቃል በር ለበር ለተፋጠጠ ሰው የተጻፈ ነው።

አንዳንዱ «ጸጥ ያለ ግቢ ባገኝ ጸሎቴ በተስተካከለ» ይላል። እኔም ብዬ አውቃለሁ። እንግዲህ ቅርባችን ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። እዚያ መነኮሳት ለብቻ አልነበሩም፤ በአንድ ላይ ይጸልያሉ፣ ይታዘዛሉ፣ የሌላውን ሳልና ማንኮራፋት ይሰማሉ። ታላቁ ባስልዮስም ብቻውን ለመኖር ለሚመኝ ሰው «ታዲያ የማንን እግር ታጥባለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እኛ ራሳችን መስከረም 21 ግሸን ስንወጣ ከማናውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ በድንጋይ ላይ ተኝተን «በረከት ነው» እንላለን። ቤት ስንመለስ የጎረቤት ልጅ ኳስ ታማርረናለች።

ያንንም አልረሳውም፤ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ደሴ በጦርነት ስትታመስ ከብሎካችን ብዙ ሰው ወጣ። ቁልፉን ለቀረው ጎረቤት ሰጥቶ ነው የወጣው። ለማን ስጥ የሚል መመሪያ አልነበረም፤ ለቅርቡ ሰጠ፣ በሃይማኖት ሳይሆን በደረጃ።

አሁን ከአራተኛ ፎቅ ጋር ስምምነት አለን። ውኃ በመጣ ጊዜ እኛ ታች ያለነው አንድ ሰዓት እንቀዳለን፣ ከዚያ ዘግተን ለላዮቹ እንለቃለን። ውኃው አልበዛም፣ ሰዓቱም አልረዘመም፤ እንዲያውም በርሜሌ ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ነው። «አሰፋልን» የሚለው ቃል አሁን ትንሽ የገባኝ ይመስለኛል።

ሁለተኛ ፎቅ ያሉት አልተስማሙም። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ቡናም ጠጥተናል፣ ግን አይዘጉም። ሐዋርያው «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ሲል «ቢቻላችሁስ» የሚለውን ለምን እንደጨመረ እዚያ ቤት ገብቶኛል። በእኔ በኩል ያለው አንድ ቧንቧ ነው።

ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። አንዱ በርሜል ሞላ፣ ሁለተኛው ግማሽ ደረሰ፣ ሰዓቴን አየሁና ዘጋሁት። ጋቢዬን ሰብስቤ ጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆምሁ። ግድግዳው ውስጥ ውኃው እያጉረመረመ ወደ ላይ ሲወጣ ሰማሁ፤ ቆየት ብሎ ከሩቅ፣ ከአራተኛው ፎቅ፣ ባልዲ ወለል ሲነካ።