መድኃኒት የተላመደው ማን ነው? ከእናት ወደ ጨቅላ የሚተላለፍ ባክቴሪያ

ከዘጌ ሪፈር ተጽፎላት ባሕር ዳር የወለደች እናት፣ በአራተኛ ቀኗ «ልጅሽ የያዘው ጀርም መድኃኒት የተላመደ ነው» ቢሏት ምን ትላለች? «ጡት እንኳ በደንብ ያልያዘ ልጅ መድኃኒት ከየት አግኝቶ ለመደ?» ትላለች። እውነቷን ነው። ያሳሳታት ቃሉ ነው።

መላመድ ሲባል ሰው ቡና እንደሚለምደው ይመስለናል (ዘጌ ቡና አብቃይ ናትና ምሳሌው ከዚያው ይሁን)። እዚህ ላይ ግን የለመደው የልጁ ሰውነት አይደለም፤ የእናቱም አይደለም። ባክቴሪያው ነው። አንቲባዮቲክ በተወሰደ ቁጥር መድኃኒቱ የሚገድላቸው ያልቃሉ፣ የማይገድላቸው ተርፈው ይራባሉ። ክሌብሲዬላና ኢኮላይ የሚባሉት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ፔኒሲሊንን፣ ከዚያም አልፎ ሴፍትሪያክሶን የተባለውን በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ የሚሰብር ኢንዛይም ያመርታሉ። መርፌው ይወጋል፣ ጀርሙ ግን አይሞትም። ይባስ ብሎ ይህን ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረመል ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው፣ ዝርያው ወደማይገናኝ ጭምር፣ ይሻገራል።

እናትየዋ ታማ ላይሆን ይችላል። ጀርሙ አንጀቷ ውስጥ ወራት ቢቀመጥ አንዳች አይሰማትም። ከፊንጢጣ እስከ ብልት ያለው ርቀት ግን አጭር ነው፤ ሕፃኑ ደግሞ የሚወጣው በዚያው በኩል ነው። የእንሽርት ውሃ ሳይፈስ ከረጢቱ እንደ አጥር ይከላከልለታል። ከፈሰሰ በኋላ ጀርም ወደ ላይ የሚወጣበት በር ይከፈታል፣ ጊዜው በረዘመ ቁጥርም ስጋቱ ይጨምራል። ሐኪሞች 18 ሰዓትን እንደ አደጋ ምልክት ይይዙታል። ማታ 2 ሰዓት ውሃዋ የፈሰሰ ሴት «ምጡ ይፋፋም» ብላ እቤቷ ብትቆይ፣ በማግስቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እዚያ ደረሰች ማለት ነው። በምጥ ጊዜ ትኩሳት ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል።

ልጁ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ከታመመ በመጀመሪያ የሚታሰበው ከእናቱ እንደመጣ ነው። እኔ ግን «እናቱ ሰጠችው» የሚለውን ፍርድ ቶሎ አልቀበልም። ክሌብሲዬላ በደንብ ባልታጠበ እጅ፣ በአክታ መምጠጫ ቱቦ፣ ጨቅላዎች በሚጋሩት አልጋ ላይም ይተላለፋል፤ ሦስት ቀን ለዚህ ይበቃዋል።

ምልክቱን በተመለከተ ቤተሰብ ትኩሳትን ብቻ ይጠብቃል። ደሙ የተመረዘ ጨቅላ ግን ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛል። መጥባት ይተዋል፣ ቢቀሰቅሱት አይነቃም፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ይተነፍሳል። ለዚህ የሚጀመረው መድኃኒት በአብዛኛው አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ነው። የደም ካልቸር (ጀርሙን ከደም አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ውጤት ሁለት ሦስት ቀን ስለሚፈጅ ሕክምናው ውጤቱን ሳይጠብቅ ይጀመራል። ጀርሙ ሁለቱንም የተላመደ ከሆነ እስኪታወቅ ድረስ የሚባክነው ጊዜ ነው ልጁን የሚጎዳው። ከዚያ በኋላ እንደ ሜሮፔኔም ወዳሉ፣ ዋጋቸው ወደሚከብድ መድኃኒቶች ይኬዳል።

እርጉዟ ሽንቷን ሲያቃጥላት ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ሁለት ፍሬ ብትውጥ፣ አንጀቷ ውስጥ ያሉት የተላመዱት ጀርሞች ተርፈው እንዲራቡ ነው የምታደርገው። ይህን የሰማች ሌላዋ ደግሞ መድኃኒት ፈርታ ዝም ትላለች፤ ያልታከመ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ያለጊዜው ሊያስወልድ ስለሚችል ይህም አይሆንም። ሽንቷን ተመርምራ፣ የታዘዘላትን እስከ መጨረሻው መውሰድ ነው ያለባት። እትብት ላይም ቅቤ አይቀባም፤ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የክሎርሄክሲዲን ቅባት አለ።

የዘጌዋ እናት አንድ ጥያቄ ይቀራታል፦ «ከእኔ ከሆነ የመጣው፣ ጡቴን ልከልክለው?» አትከልክይው። እንገሩ ጀርም የሚዋጋ ነገር የያዘ ነው። መጥባት ካቃተውም ታልቦ በቱቦ ይሰጠዋል።