«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»፦ የመንግሥታት የጠፈር ጉዞ ለምን ሰው ሰለቸው?

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው በስም የራስ ለሆነ፣ በእጅ ግን ለማይገባ ነገር ነው። ደሴ ውስጥ ያበደረው ገንዘብ የቀረበት ነጋዴ ይለዋል፤ ርስቱ በክርክር የታገደበት ወራሽም፣ ልጁ ውጭ አገር ገብቶ ድምፁ የጠፋበት አባትም ይሉታል። ብዙ ሰው አባባሉን «ባዶ ተስፋ» ብሎ ይፈታዋል። እኔ ግን ይህ ፍቺ ግማሹን ብቻ የያዘ ይመስለኛል። ተናጋሪው ላም የለኝም አላለም፤ አለችኝ ነው ያለው። ያጣው ወተቷን ነው።

አባባሉ ከከብት አርቢ ኑሮ የወጣ መሆኑ አያጠራጥርም። ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ላም የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ጥርሷን ገልጦ ዕድሜዋን ያያል፤ ጡቶቿን አንድ በአንድ ዳብሶ የደረቀ እንዳለ ይፈትሻል፤ ስንት ወለደች፣ ጠዋትና ማታ ምን ያህል ትታለባለች ብሎ ይጠይቃል። ዋጋ የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንዲህ ለሚኖር ሰው ሊዳብሳት የማይችላት ላም ምን ማለት እንደሆነች ማስረዳት አያስፈልግም። ደግሞ ላምን በርቢ መስጠት የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ጉልበት ያጣ ወይም ከተማ የገባ ባለቤት ላሙን ለሌላ ገበሬ ይሰጣል፤ ተቀባዩ ይቀልባታል፣ ወተቷን ይጠጣል፣ ጥጃውን እንደ ስምምነታቸው ይካፈላሉ። ባለቤቱ ወተት ባያይም ቢያንስ ሄዶ ጥጃውን ቆጥሮ ይመለሳል። የሰማይዋ ላም ይህም የላት።

የመንግሥታት የጠፈር ጉዞ የደረሰበት ዕጣ በዚህ አባባል ቢታይ ጥሩ ነው። በሚያዝያ 1953 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ዩሪ ጋጋሪንን ወደ ጠፈር ስትልክ አሜሪካ ደነገጠች። በ1958 ዓ.ም. ገደማ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ ድርሻ ከአሜሪካ ፌዴራል በጀት 4 በመቶውን አልፎ ነበር፤ ዛሬ ግማሽ በመቶ እንኳን አይሞላም። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሰው ጨረቃ ላይ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናይ ግን የመንግሥት ዓላማ ጨረቃዋ ሳትሆን ተቀናቃኝን መቅደም እንደነበር ይገባናል። ውድድሩ ሲያልቅ ገንዘቡም አለቀ። አፖሎ 18፣ 19 እና 20 የተባሉት የታቀዱ የጨረቃ ጉዞዎች ተሰረዙ።

«ያኔ ሕዝቡ ሁሉ ይደግፍ ነበር» የሚለውም ወሬ የተጋነነ ነው። በዚያ ዘመን በተሰበሰቡ የሕዝብ አስተያየቶች አብዛኛው አሜሪካዊ ወጪው አይገባም ይል ነበር፤ ድጋፉ ከግማሽ ያለፈው ሰው ጨረቃ ላይ በወረደበት ሰሞን ነው። ሰዎቹን ጨረቃ ላይ ያወረደው አፖሎ 11 ሊመነጠቅ አንድ ቀን ሲቀረው የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋዩ ቄስ ራልፍ አበርናቲ በበቅሎ የሚጎተቱ ጋሪዎችና ድሆች ቤተሰቦች አስከትለው ከማስወንጨፊያው ደጃፍ ደረሱ። የናሳው ኃላፊ ቶማስ ፔይን ወጥተው አነጋገሯቸው፤ ሮኬቱን አለማስነሳት ድህነትን የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ አናስነሳውም ነበር አሏቸው። መልሱ ከልብ የመጣ ይመስለኛል። ጋሪ ላይ ለተቀመጠው ልጅ ግን ወተት አልነበረም።

ቀጥሎ መሰልቸት መጣ። በሚያዝያ 1962 ዓ.ም. የአፖሎ 13 ጠፈርተኞች ከመንኮራኩራቸው ያስተላለፉትን ሥርጭት ትልልቆቹ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አላሳዩትም፤ የኦክስጅን ታንኩ ሲፈነዳ ግን ዓለም ሁሉ ዓይኑን ተከለ። ሰው ይዘው ወደ ጠፈር የሚመላለሱት የአሜሪካ መንኮራኩሮችም በጥር 1978 እና በጥር 1995 ዓ.ም. በደረሱባቸው አደጋዎች 14 ሰው እስኪያልቅ ድረስ እንደ መደበኛ አውቶቡስ ታይተው ነበር። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ምድርን የሚዞረው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አንድም ቀን ከሰው ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ አሁን ማን እዚያ እንዳለ ግን ስንቱ ያውቃል?

ወሎ ውስጥ ሆኖ ይህን ለሚያስብ ሰው ግን ታሪኩ በዚህ አይቆምም። በሐምሌ 1964 ዓ.ም. የምድርን ሀብት ለማጥናት የተሠራችው የመጀመሪያዋ ላንድሳት ሳተላይት ወደ ሰማይ ወጣች። በታኅሣሥ 1965 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች ጨረቃን ረግጠው ተመለሱ። በዚያው 1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ከብቱን ጨርሶ በመንገድ ዳር ይረግፍ ነበር። የደረቀን መሬት ከላይ የሚያይ ዓይን ነበረ፤ ረሃቡን ለዓለም የገለጠው ግን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየ ፊልም ነው። ላሚቱ ሰማይ ላይ ነበረች፤ ማንም አላለባትም።

የታለበችው ከ1977ቱ እልቂት በኋላ ነው። አሜሪካ በዚያው ዓመት የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋመች። አሠራሩ ቀላል ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ዓይናችን የማያየውን ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ደግሞ መልሶ ያንጸባርቃል። ሳተላይቷ ሁለቱን አነጻጽራ በልግ የጠፋበትን አምባሰልን ወይም ዋድላን ረሃቡ ሳይደርስ በፊት ትለያለች። ስንዴው ሲመጣ ግን ጆንያው ላይ የሚታየው የለጋሹ ስም ነው እንጂ ሳተላይቷ አይደለችም። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ ይህ ሥርዓት ለወራት ጠፋ፤ ለሳተላይቶቹ ግን ማንም በበቅሎ ጋሪ ሰልፍ አልወጣም።

ስለዚህ ሕዝቡ ሰማይን ጠላ የሚለውን አልቀበልም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በጨረቃ ተጋርዳ እንደ ቀለበት ስትሆን የግርዶሹ ዋናው መንገድ በላሊበላ በኩል ነበር፤ ያን ቀን ሽቅብ ያላየ ሰው ቢኖር ዓይኑን የፈራ ብቻ ነው። ያ ትርኢት ግብር አልጠየቀም፣ ቃልም አልገባም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 10 ቀን ከቻይና የተወነጨፈችው 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ግን ቃል ይዛ ነበር የወጣችው፤ ለግብርና፣ ለአየር ንብረት፣ ለደን ትጠቅማለች ተብሎ። በዕለቱ እንጦጦ ላይ ጭብጨባ ነበር። የኩታበር ገበሬ ከእሷ የወጣ መረጃ በቀበሌው የግብርና ባለሙያ አፍ «ዘንድሮ ጤፉን በዚህ ሳምንት ዝራ» ተብሎ ካልደረሰው ግን እንዲያጨበጭብ የሚጠይቀው ሰው ላም ሲገዛ ጡቷን የማይዳብስ መሆን አለበት።