ቻርጅባክ ምንድን ነው? ሪፈንድ አይደለም!

ሰሞኑን አንድ መካሪ ኦንላይን ለሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች «ደንበኛ ቻርጅባክ ካደረገባችሁ ገንዘቡን መልሱለትና ተገላገሉ» ሲል ሰማሁ። ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ። አሜሪካ ውስጥ የሐበሻ ሱቆችን የካርድ ክፍያ ስከታተል ዓመታት ሆኖኛል። ይህ ምክር ሰውን ያከስራል።

ሪፈንድ እናንተ ፈቅዳችሁ የምትመልሱት ነው። ቻርጅባክ ባንክ ከእጃችሁ የሚወስደው ነው። ደንበኛዋ ካርድ ለሰጣት ባንክ ደውላ «ይህን ግዢ አላውቀውም» ወይም «ዕቃው አልደረሰኝም» ትላለች። ባንኩም በቪዛ ወይም በማስተርካርድ ደንብ መሠረት ገንዘቡን ያስመልሳል። እናንተ የምትሰሙት ብዙ ጊዜ ብሩ ከሄደ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ቅጣት አለ፤ 15 ዶላር የተለመደ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጣ በርበሬና ሽሮ በፖስታ የምትሸጥ እህት አለች። የ140 ዶላር ኦርደር ላይ ቻርጅባክ መጣባት። ደነገጠችና ያን ምክር ሰምታ ሪፈንድ ላከች። 140ው በባንክ ሄዷል፣ ሌላ 140 በራሷ እጅ ሄደ። በርበሬውም ደንበኛዋ ጓዳ ቀረ። ቻርጅባክ ከተከፈተ በኋላ ሪፈንድ አይላክም። ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ ክሱን መቀበል ይበቃል። አስቀድማችሁ መልሳችሁ ከነበረ ደግሞ ደረሰኙን ማስረጃ አድርጋችሁ አቅርቡት።

ነገሩን እንደ ሽምግልና እዩት። ከሳሽ አለ፣ ተከሳሽ አለ፣ ሽማግሌ አለ። ግን ሽማግሌው የከሳሽ ዘመድ ነው፤ የእሷው ባንክ ነዋ! ገንዘቡን አስቀድሞ ወስዶ ነው «እስቲ የእናንተን እንስማ» የሚለው። ቁጭ ብላችሁ የሆዳችሁን የምታወሩበት ዛፍ ጥላ የለም። የሚሰማው ወረቀት ብቻ ነው፣ እሱም ቀን አለው። ቀኑ ካለፈ እንዳመናችሁ ይቆጠራል።

ወረቀቱም ለክሱ የሚመልስ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክሱ «ካርዴ ተሰርቆ ነው የተገዛው» ከሆነ ዕቃው የት እንደደረሰ የሚያሳየው የፖስታ ትራኪንግ ቁጥር ብቻውን ምንም አያደርግላችሁም። ሌባውም ዕቃውን ተቀብሏላ! እዚያ ላይ የሚረዳው ደንበኛዋ ከዚህ በፊት በዚያው አድራሻ መግዛቷና ከእናንተ ጋር የተጻጻፈችው ነው። ትራኪንጉ የሚሠራው «አልደረሰኝም» ለሚል ክስ ነው።

ያው መካሪ «ክፍያው ካለፈ ብሩ የእናንተ ነው» ብሎም ነበር። አይደለም። «አፕሩቭድ» ማለት ካርዱ ይሠራል፣ ገንዘብም አለበት ማለት ነው። ማን እንደያዘው አይናገርም። ክስ ለማቅረብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 120 ቀን አለ። ባንኩ ኮድ ወደ ደንበኛው ስልክ የሚልክበትን ማረጋገጫ፣ ስሪ-ዲ ሴኪዩርን፣ ከተጠቀማችሁ የስርቆት ክስ ኪሳራ ባብዛኛው ወደ ካርዱ ባንክ ይዞራል። «አልደረሰኝም» ለሚለው ግን አያድናችሁም። ከፍሎ ካበቃ በኋላ «ወደ ሌላ አድራሻ ላኩልኝ» የሚል አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ካርዱ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና ዕቃውን ያዝ አድርጉት።

የገዢው የመክሰስ መብት ራሱ ይቅር እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የክሬዲት ካርድ ባለቤት የሒሳብ ስህተትን እንዲሞግት ይፈቅዳል። እኔም ካርድ አለኝ፣ ይህ መብት እንዲነካብኝ አልፈልግም። አዲስ አበባ በቴሌብር ለሚሸጥ ሰው ግን ችግሩ ሌላ ነው። እዚያ የሚያታልለው «ከፍያለሁ» የሚል የተቀባባ ስክሪንሾት ነው፤ ፎቶውን ትታችሁ የራሳችሁን ሒሳብ እዩ።

ወደዚያች እህት ልመለስ። ደንበኛዋ ሌባ አልነበረችም። ስቴትመንቷ (የካርድ ሒሳብ መግለጫዋ) ላይ የወጣው የሱቁ ስም ሳይሆን በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው የድርጅት ስም ነበር። አላወቀችውም፣ ደነገጠች፣ ደወለች። በኋላ «ይቅርታ፣ ትቼዋለሁ» አለቻት። ይህም አይበቃም። ሻጯ ከደንበኛዋ ባንክ ክሱ መተዉን የሚገልጽ ደብዳቤ አስመጥታ፣ ከማስረጃው ጋር ቀኑ ሳያልፍ ላከች። ስቴትመንት ላይ የሚወጣውንም ስም በዚያው ቀን የሱቁ ስም አድርጋ ቀየረችው።