ሎሚ በጣና ዳርቻ

ባሕር ዳር ላይ ዓሣ ጥብስ ያለ ሎሚ አይበላም። አስተናጋጁ ከረሳው ተመልሶ መላኩ አይቀርም። የሚመጣው ሎሚ ክብ፣ ትንሽ፣ ቆዳው ስስ የሆነው የአገር ቤቱ ነው። ትልቁ ቢጫ የፈረንጅ ሎሚ ሌላ ዝርያ ነው።

በጣና ዙሪያ ሎሚ ሲነሳ ዘጌ ይነሳል። በዚህ ባሕረ ገብ መሬት በገዳማቱ ሥርዓት ማረስም ከብት ማርባትም ክልክል ሆኖ ኖሯል። ሰዉ ታዲያ ኑሮውን በዛፍ ላይ መሠረተ፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ። በትውፊቱ ሦስቱም የተገኙት የዘጌን ገዳም በመሠረቱት በአቡነ በትረ ማርያም ነው። እህሉን የሚሸምተው እነዚህን ሸጦ ነው። ዝናውን ቡናው ወሰደው እንጂ ሎሚውም ከዚያው ጫካ ነው የሚለቀመው።

የሎሚ ትልቁ ሥራ ግን ማድቤት ነው። ዶሮ ከተበለተች በኋላ በሎሚና በጨው ደጋግማ ካልታጠበች ባለሙያ ሴት ድስት ውስጥ አትጨምራትም። በጾም ደግሞ አዚፋ አለ። የተቀቀለ ምስር፣ ሰናፍጭ፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፤ ሎሚ ካልገባበት አዚፋ አይባልም። ወደ ዓሣው ስንመለስ፣ የሎሚው አሲድ የዓሣውን ሽታ ስለሚሰብረው ሁለቱ ይስማማሉ። ጥሬ ዓሣ ላይ ጨምቆ የሚበላም አለ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይሻላል፤ ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል፣ የበሰለ ያስመስለዋል፣ በውስጡ ሊኖር የሚችለውን ትል ግን አይገድለውም።

የሎሚ ዘመድ ትርንጎም አለ። ውሃው ጥቂት ነው፤ የሚበላው ነጩ ወፍራም ልጣጩ ነው።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ፣ ጉንፋን ለያዘው ሰው ትኩስ ሻይ በሎሚና በማር ይቀርብለታል። ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ጉንፋኑ ግን ጊዜውን ጠብቆ ነው የሚለቀው። መኪና ወይም ጀልባ የሚያቅለሸልሸው ሎሚ ይዞ እያሸተተ ይሄዳል። ጨጓራ ያለበት ሰው በባዶ ሆዱ ባይጠጣው ይመረጣል።

ለፎረፎርና ለቋቁቻም ሎሚ ይታሻል። ይህ ልማድ አንድ ችግር አለው። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ሊቃጠል፣ ውሃ ሊቋጥርና ሊጠቁር ይችላል፤ ጥቁረቱም ለሳምንታት ይቆያል። የባሕር ዳር ፀሐይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ሎሚ የጨመቀ ሰው ሐይቁ ዳር ከመውጣቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ።