ስናፕሾት ምንድን ነው? በቤት ኔትወርክ ማከማቻ ላይ የጠፋ ፋይል የሚመለስበት መንገድ

ከራውተር ጋር በኬብል ተያይዞ፣ በውስጡ ሁለትና ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስክ ይዞ፣ በቤት ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ፎቶግራፍና ሰነድ የሚያስቀምጡበት ትንሽ መሣሪያ ናስ ይባላል። ይህን መሣሪያ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስበው የዲስክ መበላሸት ነው። ይሁን እንጂ መረጃ የሚጠፋው በዲስክ ብልሽት ብቻ አይደለም፤ በስህተት የተሰረዘ ፎልደር፣ በላዩ ላይ ሌላ የተጻፈበት ሰነድ፣ ወይም ከአንዱ ላፕቶፕ ተነሥቶ በኔትወርኩ በኩል የጋራውን ፎልደር ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ራንሰምዌር የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ጉዳት የሚያደርሰው ዲስኮቹ ሁሉ ጤነኛ ሆነው ሳለ ነው። ስናፕሾት የሚያገለግለው ለዚህ ዓይነቱ ጥፋት ነው።

ስናፕሾት አንድ የጋራ ፎልደር በአንድ ቅጽበት የነበረውን ይዘት፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሊጽፍበት በማይችል ሁኔታ፣ ባለበት የሚያቆይ መዝገብ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተያዘን ስናፕሾት የሚከፍት ሰው ፎልደሩን ልክ በ3 ሰዓት እንደነበረ ያገኘዋል፤ በ4 ሰዓት የተሰረዘው ፋይል በቦታው አለ፣ በ5 ሰዓት የተጨመረው ደግሞ የለም።

ይህ ብዙ ዲስኮችን አቀናጅቶ እንደ አንድ ከሚያሠራው ከሬይድ ጋር መምታታት የለበትም። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሬይድን አሠራር በዚህ ስም ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን፣ ዓላማው አንድ ዲስክ ሲሞት ሥራው እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው። ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ይዘት ይዘው ሲሠሩ የተጻፈው ሁሉ በሁለቱም ላይ ይጻፋል፤ የተሰረዘውም በዚያው ቅጽበት ከሁለቱም ይሰረዛል። ሬይድ ትናንት የነበረውን አያውቅም። የሚያውቀው አሁን ያለውን ብቻ ነው።

ስናፕሾትን ከተራ ቅጂ የሚለየው ፍጥነቱና የሚይዘው ቦታ ነው። 400 ጊጋባይት ፎቶግራፍ በጊጋቢት ኔትወርክ ወደ ሌላ ቦታ ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የዚያው ፎልደር ስናፕሾት ግን በሰከንዶች ያልቃል፣ ሲፈጠርም የሚወስደው ቦታ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የፋይል ሥርዓቱ የእያንዳንዱን ፋይል ይዘት ብሎክ በሚባሉ ትናንሽ ቁራጮች ከፋፍሎ በዲስኩ ላይ ያስቀምጣል፤ የትኛው ፋይል በየትኞቹ ብሎኮች ላይ እንደሚገኝ የሚያሳይ ማውጫም ይይዛል። ስናፕሾት ሲፈጠር ተመዝግቦ የሚቆየው ይህ ማውጫ እንጂ የይዘቱ ቅጂ አይደለም። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ሰነዱን ከፍቶ ቢያስተካክል አዲሱ ጽሑፍ በአሮጌው ብሎክ ላይ አያርፍም፤ በሌላ ባዶ ቦታ ይጻፍና የወቅቱ ማውጫ ወደ አዲሱ እንዲያመለክት ሲደረግ፣ የስናፕሾቱ ማውጫ ወደ አሮጌው እንዳመለከተ ይቀራል። ፋይል ሲሰረዝም እንደዚሁ ነው፤ ስሙ ከወቅቱ ማውጫ ይወጣል፣ ብሎኮቹ ግን የሚያመለክትባቸው ስናፕሾት እስካለ ድረስ አይነኩም።

ከዚህ አሠራር ብዙ ተጠቃሚዎችን ግራ የሚያጋባ ነገር ይከተላል። 50 ጊጋባይት የሚይዝ ቪዲዮ ተሰርዞ ሳለ ነፃው ቦታ ምንም አይጨምርም፤ መሣሪያው የተበላሸ ይመስላል። ቪዲዮውን የያዙት ስናፕሾቶች ሁሉ እስኪወገዱ ድረስ ቦታው አይለቀቅም። ስለዚህ ስናፕሾት ሲታዘዝ የማቆያ ጊዜውም አብሮ መወሰን አለበት፤ ለቤት አገልግሎት በየሰዓቱ የሚፈጠሩትን ለአንድ ቀን፣ በየቀኑ የሚፈጠሩትን ለአንድ ወር፣ በየሳምንቱ የሚፈጠሩትን ደግሞ ለጥቂት ወራት ማቆየት በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። የደኅንነት ካሜራ ቅጂዎችና ጊዜያዊ ዳውንሎዶች ግን ስናፕሾት በማይፈጠርለት ሌላ ፎልደር ቢቀመጡ ይሻላል፤ ያለማቋረጥ የሚጻፍና የሚሰረዝ ይዘት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዲስኩን ሊሞላ ይችላል።

ሁሉም የፋይል ሥርዓት ይህን አይችልም። ሰን ማይክሮሲስተምስ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ2005 ኮዱ ለሕዝብ የተለቀቀው ዜድኤፍኤስ፣ እንዲሁም በ2009 ወደ ሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት) የገባው ቢተርኤፍኤስ ከንድፋቸው ጀምሮ ስናፕሾት ታስቦላቸው የተሠሩ ናቸው፤ በስፋት የሚሠራበት ኢኤክስቲ4 ግን በራሱ ይህ ችሎታ የለውም። ትሩናስ የተባለው የናስ ሶፍትዌር ዜድኤፍኤስን፣ ብዙዎቹ የናስ አምራቹ የሲኖሎጂ ሞዴሎች ደግሞ ቢተርኤፍኤስን ይጠቀማሉ። ምርጫው የሚደረገው መሣሪያው መጀመሪያ ሲዋቀር ስለሆነ፣ በኋላ ሐሳብን መቀየር ብዙውን ጊዜ መረጃውን በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ አውጥቶ ዲስኩን እንደ አዲስ ፎርማት ማድረግን ይጠይቃል።

የጠፋን ፋይል ለመመለስ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ከስናፕሾቱ ውስጥ የሚፈለገውን ብቻ ማውጣት ነው። መሣሪያው ይህን እንዲፈቅድ ከተዋቀረ፣ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ በጋራው ፎልደር ላይ በቀኝ በኩል ክሊክ ተደርጎ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያም ፕሪቪየስ ቨርዥንስ የሚለው ሲከፈት፣ ስናፕሾቶቹ በቀንና በሰዓት ተደርድረው ይታያሉ። ከእነርሱ አንዱን ከፍቶ ፋይሉን ማየትና ወደ ዴስክቶፕ መገልበጥ ይቻላል። ሁለተኛው መንገድ ፎልደሩን በሙሉ ወደ ተመረጠው ጊዜ መመለስ ነው። ይህ በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች በራንሰምዌር ሲቆለፉ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለአንድ ሰነድ ተብሎ ሲደረግ ግን ከዚያ ጊዜ ወዲህ ሌሎች የቤተሰቡ አባላት የጨመሩትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። በዜድኤፍኤስ ላይ ደግሞ ወደ አሮጌ ስናፕሾት ለመመለስ ከእርሱ በኋላ የመጡት ስናፕሾቶች መጥፋት አለባቸው። ስለዚህ ፎልደሩን ወደ ኋላ ከመመለስ በፊት አዲስ የተጨመሩትን ፋይሎች ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ ማውጣት ያስፈልጋል። ራንሰምዌር ከሆነ ደግሞ በቅድሚያ የተበከለውን ኮምፒውተር ከኔትወርኩ መንቀል ይገባል፤ አለበለዚያ የተመለሰው ፎልደር እንደገና ይቆለፋል።

የስናፕሾት ድካም ከጥንካሬው ጋር አንድ ሥር አለው። ቦታ የሚቆጥበው የራሱ ቅጂ ስለሌለው ነው፤ የራሱ ቅጂ ስለሌለውም ብሎኮቹ ያሉበት ዲስክ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስርቆት፣ እሳት፣ ወይም ሬይዱ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ዲስክ በአንድ ጊዜ መበላሸት መቶ ስናፕሾትንም ያለ ልዩነት ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ማይ ቡክ ላይቭ የተባሉ የዌስተርን ዲጂታል የቤት ማከማቻዎች በኢንተርኔት በኩል ጥቃት ደርሶባቸው ወደ ፋብሪካ ይዞታቸው ሲመለሱ፣ የብዙ ተጠቃሚዎች መረጃ ተሰርዟል፤ መሣሪያዎቹ ከ2015 ወዲህ ማሻሻያ አልወጣላቸውም ነበር። መሣሪያው ራሱ ሲጠቃ በውስጡ ብቻ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ለአደጋ ይጋለጣል። የአድሚን የይለፍ ቃል እጁ የገባ ሰውም ስናፕሾቶቹን አስቀድሞ ሊሰርዛቸው ይችላል። ለዚህ መልስ እንዲሆን አንዳንድ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ ዲኤስኤም በተባለው ሶፍትዌራቸው ከስሪት 7.2 ጀምሮ የሲኖሎጂ መሣሪያዎች፣ የተወሰነለት ቀን ሳያልፍ አድሚኑም ጭምር ሊሰርዘው የማይችለው ስናፕሾት እንዲፈጠር ይፈቅዳሉ።

ስናፕሾት እውነተኛ መጠባበቂያ የሚሆነው ወደ ሌላ መሣሪያ ሲሻገር ነው። ዜድኤፍኤስና ቢተርኤፍኤስ በሁለት ስናፕሾቶች መካከል የተለወጡትን ብሎኮች ብቻ ለይተው ወደ ሌላ ማከማቻ መላክ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ዝውውር ቀናት ቢፈጅ እንኳ ቀጣዮቹ በደቂቃዎች የሚያልቁት በዚህ ምክንያት ነው። ተቀባዩ በዘመድ ቤት ያለ ሁለተኛ ናስ ሊሆን ይችላል። ክላውድን የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ የባክአፕ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። በሁለቱም ሁኔታ መረጃው ተመስጥሮ መቀመጡ ተገቢ ነው፤ የምስጠራው ቁልፍ ግን ከናሱ ውጭ፣ በወረቀት ወይም በሌላ ቦታ በተቀመጠ ፍላሽ ላይ መያዝ አለበት። ቁልፉ በናሱ ላይ ብቻ ካለና ናሱ ከጠፋ፣ የተላከው ቅጂ በሙሉ ሊከፈት አይችልም።