አውሮፕላን ይቅደም ወይስ ሄሊኮፕተር? ደብረ ብርሃን የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የበረራ አስተማሪ ነኝ። ዘመድ ጥየቃ ደብረ ብርሃን በገባሁ ቁጥር አብራሪ መሆን የሚመኙ ልጆች ይከቡኛል። «ጋሼ፣ በየቱ ልጀምር?» ይሉኛል፤ ጥያቄያቸውን ተከትሎ የሰሙት ሁሉ ይመጣል። ከሰሙት ውስጥ ሕይወት የሚያስከፍል ስላለበት ልጻፈው ብያለሁ።

«አውሮፕላን ያልተማረ ሄሊኮፕተር አይፈቀድለትም።»

ስህተት ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ፈቃድ አላቸው። በአሜሪካ ሕግ ለግል አብራሪነት ፈቃድ ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል፤ ቁጥሩ ለሁለቱም እኩል ነው። ከዜሮ ተነስቶ በቀጥታ ሄሊኮፕተር መማር ይቻላል።

«አውሮፕላን የቻለ ሄሊኮፕተርን በጥቂት ቀን ይለምደዋል።»

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። የአውሮፕላን አብራሪ የአየር ጠባይ ማንበብ፣ ካርታና የሬዲዮ ንግግር ይዞ እንደሚመጣ አልክድም። ሆኖም በዚያው ሕግ ቢያንስ 20 ሰዓት ከአስተማሪ ጋር፣ 10 ሰዓት ደግሞ ብቻውን በሄሊኮፕተር መብረር አለበት። ከሰዓቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን እጁ የለመደው ነገር ነው።

አውሮፕላን ፍጥነቱ ወርዶ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ አብራሪው መሪውን ወደ ፊት ይገፋል። ይህን ደጋግሞ ስለተለማመደ እጁ ሳያስብ ያደርገዋል። ለሥልጠና በብዛት የሚያገለግለው ሮቢንሰን አር 22 የተባለው ሄሊኮፕተር ከላዩ የሚሽከረከረው ሮተሩ ባለ ሁለት ክንፍ ነው። በእርሱ ላይ መሪውን በድንገት ወደ ፊት መግፋት ሮተሩ የተሸከመውን ክብደት ያቀልለታል። ያኔ የጭራው ሮተር ሄሊኮፕተሩን ወደ ቀኝ ያዘነብለዋል። አብራሪው ደንግጦ መሪውን ወደ ግራ ከመለሰ የሮተሩ እምብርት ከተሸካሚ ምሰሶው ጋር ተላትሞ ሊሰብረው ይችላል። መፍትሔው መሪውን በቀስታ ወደ ኋላ መሳብ ነው፤ እጁ ከለመደው ተቃራኒ ማለት ነው። አምራቹ ራሱ ልምድ ያላቸው የአውሮፕላን አብራሪዎች ለዚህ አደጋ የተጋለጡ መሆናቸውን በጽሑፍ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ዕድሜውን በሄሊኮፕተር ሊያሳልፍ የወሰነ ልጅ ከመጀመሪያው በሄሊኮፕተር ቢጀምር እመርጣለሁ።

«የሄሊኮፕተር ሞተር ከጠፋ እንደ ድንጋይ ነው የሚወድቀው።»

አይደለም። አብራሪው በግራ እጁ የያዘውን ዘንግ ወዲያው ዝቅ ካደረገ ከታች የሚመጣው አየር ሮተሩን ማሽከርከሩን ይቀጥላል፤ ይህ አውቶሮቴሽን ይባላል። እንደ አር 22 ባሉት ቀላል ሮተሮች ላይ ለዚህ ያለው ጊዜ ከአንድ ሁለት ሰከንድ አይበልጥም። ከ300 ሜትር ከፍታ ሞተሩ የጠፋ ሴስና 172 የተባለ ትንሽ አውሮፕላን ወደ 2.7 ኪሎ ሜትር ሲንሳፈፍ አር 22 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሄድ ነው። በእርከንና በገደል በተቆራረጠ መሬት ላይ ግን ሄሊኮፕተሩ አንድ አውድማ ሊበቃው ይችላል፤ አውሮፕላኑ ረጅም ደልዳላ ሜዳ ይፈልጋል።

«ሄሊኮፕተር የትም ያርፋል፤ ለእኛ ተራራ የተፈጠረ ነው።»

ይህን የአገራችን መሬት ራሱ ያርመዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። ቀትር ላይ አየሩ ሲሞቅ ጥግግቱ ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። ክንፍም ሮተርም የሚይዙት አየር ያንሳል፤ አየር ጨምቆ የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ ይቀንሳል። ሄሊኮፕተር ደግሞ ብዙ ጉልበት የሚጠይቀው በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ያለ ችግር የቆመ ሄሊኮፕተር በዚያው ጭነት ከፍ ያለው ጣርማ በር ላይ መቆም ሊያቅተው ይችላል። ጣርማ በር ላይ ጉሙ አለ፤ በገደሉ አፋፍ ሽቅብ የሚነፍሰው ነፋስም በሌላው በኩል ቁልቁል ይደፍቃል። የኅዳር ውርጭ ማለዳ ግን አብራሪውን ይረዳዋል፤ ብርዱ አየሩን ያከብደዋል።

«ሄሊኮፕተር ማብረር ከባድ ስለሆነ የሥራ ዕድሉም ይበልጣል።»

የመንገደኛ አየር መንገድ የሚቀጥረው የአውሮፕላን አብራሪ ነው። የሄሊኮፕተር የሥልጠና ሰዓት ዋጋም በአብዛኛው በጣም ይወደዳል። አየር መንገድ የሚመኝ ልጅ በአውሮፕላን ይጀምር።

ባለፈው ከመሐል ሜዳ የመጣች ተማሪ፣ መኪና ከማይደርስባቸው ቀበሌዎች ምጥ የያዛትን እናት ማንሳት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። በሄሊኮፕተር ጀምሪ አልኳት። ወረቀት አውጥተን የመሐል ሜዳን ከፍታ፣ የቀትሩን ሙቀት፣ የነዳጁንና የሁለት ሰው ክብደት አስቀመጥን፤ ክብደቱ ስለበዛባት ነዳጁን ሁለት ጊዜ ቀነሰችው።